በክር ያለስ? የካሴት ዴክ ታሪክና የደብረ ኤልያስ ድምፅ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ለሰው ቃል ሁለት ማስቀመጫ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፤ አንዱ አእምሮ፣ ሁለተኛው ብራና። ሦስተኛው ማስቀመጫ ዘግይቶ መጣ። እርሱም ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ቡናማ ዱቄት የተቀባ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው። እንግዲህ በክር ያለስ? ይረሳል ወይስ ይወረሳል? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

«ስለ አገር ጉዳይ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የቴፕ ወሬ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። ምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቀዳው፣ የተቀዳውንም ማን እንደሚያጠፋው መወሰን ሥልጣን ነው። በአገራችን ይህ ሥልጣን ለረጅም ጊዜ በጥቂቶች እጅ ኖሯል። ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ግን ዐዋጅም አብዮትም አይደለም፤ ቀይ ቁልፍ ያለበት አንድ ዕቃ ነው። የዚህን ዕቃ ታሪክ ሳናውቅ ያለፉትን ስድሳ ዓመታት ታሪካችንን በሙሉ ዐውቀናል ለማለት ያስቸግራል።

ከሸክላ ወደ ክር

በኢትዮጵያ ድምፅን በማተም ሥራ ላይ የመንግሥት እጅ የገባው ከጠዋቱ ነው። በ1940 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ፣ የሙዚቃ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1927 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ዘፋኙ የፈለገውን ቢዘፍን፣ አድማጩም የፈለገውን ቢወድ፣ በሸክላ ላይ የሚቀረው ማኅበሩ የፈቀደው ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን አጥር የጣሰው አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነው። በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን በሕንድ፣ የኋለኞቹን በሊባኖስ እያሳተመ፣ አገር ጥሎ እስከ ወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚያደንቀው አብዛኛው ሥራ የአምኃና እርሱን ተከትለው የመጡት የእነ ዓሊ አብደላ ካይፋ የእጅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሸክላ ትልቅ ድካም ነበረበት። ፋብሪካው ባሕር ማዶ ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ዕቃው ሲመለስም በጉምሩክ በር ያልፋል። መንግሥት ሸክላን ለማቆም ዘፋኙን ማሰር አያስፈልገውም፤ ምንዛሪውን መከልከል ወይም በሩን መዝጋት ይበቃዋል። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ የሆነውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ምሽቱ በሰዓት እላፊ ተዘጋ፤ የግል ንግዱ ተዳከመ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማም የሸክላ ኅትመት ቆመ።

ሙዚቃው ግን አልቆመም። ወደ ካሴት ተሻገረ። ካሴትን ለማባዛት ፋብሪካ አያሻም፤ ሁለት ዴክ፣ አንድ ሽቦና ባዶ ካሴት ይበቃል። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ አንድ ሙዚቃ ቤት የከፈተ ሰው በእውነቱ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከፈተ ማለት ነበር። በር ላይ የቆመው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ፣ ውስጥ ግን ሁለቱ ዴኮች አንዱ ሲያጫውት ሌላው ሲቀዳ ይውሉ ነበር።

ዕቃው ምን ነበር?

የካሴቱ አባት የሆላንዱ የፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በቤልጅየም በምትገኘው በሐሰልት ከተማ የሠሩት ካሴት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 በበርሊን የሬዲዮ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። ሲታሰብ ለሙዚቃ አልነበረም፤ በኪስ ተይዞ የሚዞር የቃል ማስታወሻ እንዲሆን ነበር እንጂ። ፊሊፕስ ቅርጹንና መጠኑን ሌሎች ኩባንያዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩበት ፈቀደ። በዚህም ምክንያት ጃፓን የተሠራ ካሴት ሆላንድ በተሠራ ማጫወቻ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ጎጃም ገበያ ላይ የተገዛ ካሴት ዋሽንግተን ላይ የሚጫወተውም በዚሁ ፈቃድ ነው።

ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በሰከንድም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በዚያ ጠባብ ክር ላይ አራት መስመሮች አሉ፤ ሁለቱ ለአንደኛው ገጽ፣ ሁለቱ ለሌላኛው። የስቴሪዮው የቀኝና የግራ መስመሮች ጎን ለጎን ስለ ተደረጉ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያላት ትንሽ ቴፕ የስቴሪዮውን ካሴት ሁለቱን መስመሮች በአንድነት ታነበዋለች። በሀብታም ቤት ዴክ ላይ የተቀዳው በገጠር ልጅ ቴፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሰማ ነበር። ይህ ቀላል የሚመስል የመሐንዲስ ውሳኔ ካሴትን የሀብታምም የድሃም አደረገው።

ዴክ የምንለው ራሱን የቻለ ድምፅ ማጉያ የሌለውን፣ ከአምፕሊፋየር ጋር በሽቦ ተያይዞ የሚሠራውን፣ ለጥሩ ድምፅ የታሰበውን ማጫወቻና መቅጃ ነው። ካሴቱ ለቃል ማስታወሻ የተሠራ ስለ ነበር መጀመሪያ ላይ ድምፁ በሹክሹክታ የተሞላ ነበር። ዴክን ከተራ ቴፕ የለዩት ባሕርያት አብዛኞቹ ይህን ጉድለት ለመሙላት አንድ በአንድ የተጨመሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ዶልቢ ነው። ሬይ ዶልቢ ለቤት ዕቃ ያዘጋጀው ዶልቢ ቢ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። ሲቀዳ ዝግ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ሲያጫውት መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ እነርሱ ዝቅ ሲሉ የክሩም ሹክሹክታ አብሮ ዝቅ ይላል። በዶልቢ የተቀዳውን ዶልቢ በሌለው ማጫወቻ ቢሰሙት ግን ድምፁ ከተፈጥሮው ይዛባል። የተደበቀውን የሚፈታው በደበቀው መንገድ የሚመለስ ብቻ ነው። ቅኔ ላወቀ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ሁለተኛው የክሩ ዓይነት ነው። ተራው ክር በብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሮም፣ በዐሥርቱ ዓመት ማለቂያ ላይ ደግሞ ሜታል የተባሉት ተከተሉ። እያንዳንዱ የሚቀዳበት የኤሌክትሪክ መጠን ስለሚለያይ በዴኩ ፊት ላይ መምረጫ ቁልፍ ተደረገ። ሦስተኛው ሁለቱ መርፌዎች ናቸው፤ ድምፁ ከዜሮ ዐልፎ ወደ ቀዩ ክልል ሲገባ ቀጂው እጁን ወደ መቆጣጠሪያው ይሰዳል። አራተኛው ባለ ሦስት አኃዝ ቆጣሪ ነው፤ የተፈለገው ነገር ከየት እስከ የት እንዳለ በካሴቱ ወረቀት ላይ ይጻፍበታል። አምስተኛው በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ የሚገኘው ፒች የተባለው የፍጥነት ማስተካከያ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ስድስተኛው ሄድ ነው። ክሩ በሦስት ሥራዎች ፊት ያልፋል፤ ማጥፋት፣ መቅዳት፣ ማጫወት። በተራው ዕቃ መቅጃውና ማጫወቻው አንድ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 እንደ ወጣው ናካሚቺ 1000 ባሉት ምርጥ ዴኮች ላይ ሦስቱም ተለያይተው ቆሙ፤ ቀጂው የቀዳውን እዚያው በዚያው እየሰማ መቆጣጠር ቻለ። አንባቢ እንዲያስተውለው የምፈልገው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። ቀይዋ ቁልፍ ስትጫን ክሩ መጀመሪያ የሚያገኘው የሚያጠፋውን ሄድ ነው። አዲሱ የሚጻፈው አሮጌው ከተፋቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን አስተዳደር የማያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምንቆረር ደብረ ማርቆስ ሆነች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ፣ አብዮት አደባባይም ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆነ። ከስሞቹ አንዳንዶቹ መለወጥ ይገባቸው ይሆናል፤ ክርክሬ ከዚያ ላይ አይደለም። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ከመቅዳት በፊት ማጥፋት ልማድ መሆኑን ነው የምናገረው።

ካሴት ግን ለዚህ ልማድ መድኃኒት ይዞ ነው የተፈጠረው። ከጀርባው በኩል ለእያንዳንዱ ገጽ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለችው። ጥርሷ ከተሰበረች ቀይዋ ቁልፍ አትጫንም። ዴኩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ባለቤቱም ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ጥርሷ የተሰበረችን ካሴት እንዲሁ አያጠፋም። ለእኔ ከዶልቢውም ከመርፌውም ከሦስቱ ሄዶችም ይልቅ ትልቁ ባሕርይ ይህ ነው። «ይህ አይጠፋም» ብሎ የመወሰን መብት ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ ሰው አውራ ጣት ላይ ወደቀ።

ደብረ ኤልያስ

አሁን ወደ ጎጃም እንሻገር። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ትገኛለች፤ በስተ ደቡብ ወረዳዋ እስከ ዐባይ ሸለቆ ይዘልቃል። ስሟ የሚታወቀው በእህሏና በቅኔዋ ነው። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ኮቾሮውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ የቆጠረባት አገር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች ደብረ ኤልያስ ነበረች፤ ሌሎቹ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ናቸው።

የቅኔ ትምህርት ከመጽሐፍ የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ቅኔ አይደገምም። ጉባኤ ቃናውም በሁለት ቤቱ፣ መወድሱም በስምንት ቤቱ ለዕለቱ የሚፈጠር ነው። የትናንቱን ዛሬ ይዞ የሚቆም ሰው ባለቅኔ አይባልም። ተማሪው ይቆጥራል፣ የኔታ ያርማሉ፣ ሊቁ በማኅሌቱ ይዘርፋል፣ ያዳመጠው ያደንቃል፤ ከዚያም አብዛኛው እንደ ጠዋት ጤዛ ይጠፋል። ታላላቆቹን ቅኔዎች በቃላቸው የያዙ ሊቃውንት ነበሩ፤ በኅትመት የወጡ የቅኔ መጻሕፍትም አሉ። ነገር ግን በወረቀት የሚቀረው ቃሉ ነው። የሊቁ ዜማ፣ ከምስጢሩ በፊት የሚያደርገው ዝምታ፣ የጉባኤው «ይበል!» የሚለው ጩኸት በወረቀት አይያዝም። ካሴት ግን ያንን ሊይዝ የሚችል መሣሪያ ነበር።

በገጠሩ ዴክ አልነበረም፤ ዴክ መብራት ይፈልጋል። የነበረው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ባለ ካሴት ሬዲዮ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል። ቴፕ ያለው ሰው በሰርግም በለቅሶም ይጠራ ነበር፤ የአዝማሪው ግጥም፣ የአልቃሿ ሙሾ፣ የሽማግሌዎች ምርቃት በእርሱ ካሴት ላይ ይቀራል። ወደ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ላላቸው ደግሞ ካሴት ደብዳቤ ሆነላቸው። ማንበብ የማትችል እናት ያለ ጸሓፊ፣ ያለ አንባቢ፣ በራሷ ድምፅ ልጇን ለማነጋገር የቻለችው ያን ጊዜ ነው።

በእኛ ቤት የነበረ አንድ ካሴት አለ። አጎቴ በ1970ዎቹ ማለቂያ ላይ በደብረ ኤልያስ ያሉ አንድ የኔታ ሲያስተምሩ የቀዳው ነው፤ አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። ጥርሱ አልተሰበረም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤተ ዘመድ ሰርግ ሰሞን አንድ ሰው ባዶ መስሎት የሰርግ ዘፈን ቀዳበት። ዛሬ ካሴቱን ሳጫውተው ሆታውና ጭብጨባው ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ይሄዳል፤ ከዚያም ዘፈኑ በመካከል ይቆረጣል፤ ወዲያው የየኔታ ድምፅ ካቋረጠበት ይቀጥላል። ተማሪው የቆጠረውን እያረሙ ነው። ስለ ምን እንደ ጀመሩ ማወቅ አይቻልም፤ የቀሩት ዐሥራ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው። አጎቴም የኔታም ዛሬ በሕይወት የሉም።

በዚያ ካሴት ላይ ነው የፒችን ጥቅም የተረዳሁት። የአጎቴ ቴፕ ድንጋዩ ደክሞ ስለ ነበር ሲቀዳ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ቀስ ብሎ የተቀዳ ነገር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ የሽማግሌው ድምፅ ቀጥኖ የልጅ ድምፅ መሰለ። ፒቹን ወደ ታች እያወረድሁ ድምፁ ወደ ሰው ልክ ሲመለስ የኔታ በዝግታና በግርማ የሚናገሩ ሰው እንደ ነበሩ ዐወቅሁ። ከገጠር የመጣ አሮጌ ካሴት ይዞ «የማይረባ ቅጂ ነው» ብሎ ሊጥል ያሰበ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ጥፋቱ የድንጋዩ እንጂ የድምፁ አይደለም።

መንግሥትና ቀይዋ ቁልፍ

በደርግ ዘመን ሳንሱር የሚባል ቤት ነበር። መጽሐፍም ዘፈንም ቴአትርም በዚያ በር ያልፍ ነበር። ሬዲዮውም የመንግሥት ነው። ነገር ግን ባለ ካሴት ሬዲዮ ሁለት ነገሮችን በአንድ ሣጥን አስቀምጦ ነበር፤ መስሚያንና መቅጃን። መንግሥት አንድ ጊዜ ያሰራጨውን ሕዝብ ለሁልጊዜ ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከጀርመን፣ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ በአማርኛ ይተላለፍ የነበረውን ስርጭትም እንዲሁ መቅዳትና ለጎረቤት ማሰማት ይቻል ነበር።

ከሬዲዮ የተገኘው ስጦታ ሁሉ የተቃውሞ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በኢትዮጵያ ሬዲዮ መተላለፉን የማያውቅ የዚያ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህ ንባብ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት እየተሻገረ እስከ ዛሬ ይሰማል። ጉዞውን እንመልከተው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ በቃል የተማረ ልጅ አድጎ የቅኔ ተማሪውን የበዛብህን ታሪክ በወረቀት ጻፈ፤ ወረቀቱ በአንድ ታላቅ ተዋናይ አንደበት ተመልሶ ቃል ሆነ፤ ቃሉም በክር ተያዘ። መጽሐፍ ሊገዛ ያልቻለ፣ ማንበብም ያልተማረ የጎጃም ገበሬ የራሱን አገር ታሪክ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። አበው ያስቀመጡት የቃልና የመጽሐፍ ድንበር እዚህ ላይ ፈረሰ።

ነገሩ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት መንግሥት ሸክላ ያላሳተመላቸው የነቪሶትስኪና የነኦኩጃቫ ዘፈኖች ከቤት ወደ ቤት በቴፕ እየተቀዱ አገሩን አዳረሱ። በኢራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረንሳይ በስደት የነበሩት አያቶላ ኾሜኒ ስብከታቸውን በካሴት እየላኩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በእጁ የነበረውን ሻህ ከዙፋኑ ለመጣል ተጠቀሙበት። የኋለኛው ምሳሌ ማስጠንቀቂያም አለው። በካሴት የመጣው ሥልጣን ራሱ በተራው ሳንሱር ሆነ። ዕቃው ለማንም ይታዘዛል፤ ነጻነትን በራሱ አያመጣም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀዱትን ያበዛል። ብዙ ቅጂ ባለበት ማጥፋት ይከብዳል።

በአገራችን ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ነው። የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ወጣ። ዐዋጁ የግድ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ዴክ ያለው ሁሉ ማተሚያ ቤት ሲሆን ድምፃዊው ላቡን ሳያገኝ ቀርቶ ነበርና። ካሴት መንግሥትን ያለፈበት መንገድ የደራሲውን ኪስ ያራቆተበት መንገድም ነው። ይህን ሳይናገሩ ካሴትን ማወደስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ያስቀረነውና ያላስቀረነው

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ከስልሳ ዓመታት የክር ዘመን ምን አስቀረን? ዘፈኑን በአብዛኛው አስቅረናል፤ ገበያ ስላለው ነጋዴው ጠብቆታል፤ የውጭ አገር ሰዎችም ደርሰውለታል። የብራና መጻሕፍቱንም በከፊል አስቅረናል። በ1966 ዓ.ም. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎች በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ብዙዎቹንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በታላቅ ድካም ዘርዝረው ለተመራማሪ አመቻችተዋል። የሊቃውንቱ ድምፅ ግን እንዲህ ያለ ወገን አላገኘም። ብራናውን ያነሣው ካሜራ በጉባኤ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ፣ ውስጥ የኔታ እየተናገሩ ነበር። መጽሐፉ ታሪክ ነው ተብሎ ተቀዳ፤ የሚናገሩት ሰው ግን ነገም ያሉ መስሎን ዝም አልናቸው።

የሆነው ሆኖ በየቤቱ የተቀዳ አለ። እንደ አጎቴ ያለ አንድ መምህር፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ አንድ ወታደር፣ አንድ ነጋዴ የቀዳው በየቁም ሣጥኑ ሥር፣ በየካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል። የዓለም ባለሙያዎች የሚሉትን እንስማ። ዩኔስኮና የድምፅ ማኅደር ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና የሚጠግነው ሰው እየጠፋ ስለሆነ በማግኔት ክር ያለውን ለማዳን ጊዜው እስከ 2025 ገደማ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ያ ዓመት ዐልፏል። በሩ ፈጽሞ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ግን በእያንዳንዱ ዓመት እየጠበበ ነው። ክሩ ቢቆይ እንኳ የዴኩ ጎማ ይቀልጣል፣ ሄዱ ያልቃል።

ለደብረ ኤልያስ ደግሞ ከዕድሜ የከፋ ጠላት መጥቶበታል። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ማለቂያ በወረዳው በሥላሴ ገዳም አካባቢ በመንግሥት ኃይሎችና በታጠቁ ሰዎች መካከል ውጊያ ተደረገ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ክረምት ወዲህም ጎጃም በአጠቃላይ በጦርነት ውስጥ ቆይቷል። ማን ምን እንደ በደለ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፤ የሞተውም ሰው ከማንኛውም ካሴት ይበልጣል። ነገር ግን ሰው በሚሰደድበት ቤት ካርቶን ተሸክሞ የሚወጣ የለም። ተማሪው በሚበተንበት ጉባኤ ቤት በቃል ያለው ይቋረጣል። የቃሉ ሰንሰለት ሲቋረጥ መጠባበቂያው ያ አሮጌ ካሴት ይሆናል፤ ይህን ጊዜ ነው ዋጋው የሚታወቀው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሁለት ነገር እላለሁ።

የመጀመሪያው ለመንግሥትና ለቤተ ክህነት ነው። የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወረቀት ሲሰበስብ ኖሯል። በየክልሉ፣ በየሀገረ ስብከቱና በየዩኒቨርሲቲው የድምፅ መቀበያ ጠረጴዛ መክፈት ትልቅ በጀት የሚፈልግ ሥራ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከቅኔው አገር እምብርት ላይ ተቀምጧል። ደህና አድርገው የተጠገኑ ሁለት ዴኮች፣ አንድ ኮምፒዩተርና ግእዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖሩት፣ ባለካሴቱ ቅጂውን ሰጥቶ ካሴቱን ይዞ ቢመለስ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የጎጃም ሊቃውንት ድምፅ አንድ ቤት ይኖረዋል።

ሁለተኛው ለእናንተ ነው፣ ውድ አንባብያን። መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ካሴት ራሱ የመጣው መንግሥትን ሳይጠብቅ ነው። ካርቶናችሁን አውርዱ። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት መጀመሪያ ሁለቱን ጥርሶች ስበሩ። ለዓመታት የተቀመጠውን ክር እስከ ጫፉ አጠንጥናችሁ መልሱት። የዴኩን ሄድና ጎማ አጽዱ። በዶልቢ የተቀዳ ከሆነ በዶልቢ አጫውቱት፤ ድምፁ የፈጠነ ከመሰላችሁ ፒቹን አስተካክሉ። ወደ ኮምፒዩተር ስታስገቡ ቢቻል ባለሙያዎቹ በሚመክሩት በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደ ተቀዳ ጻፉ። ስም የሌለው ድምፅ ግማሹ ጠፍቷል።

በ2013 ዓ.ም. በአራት ወራት ውስጥ ሦስት ሰዎች አከታትለው ዐረፉ። በየካቲት ካሴትን የሠራው ሉ ኦተንስ፣ በሚያዝያ የሸክላውን አጥር የጣሰው አምኃ እሸቴ፣ በሰኔ ደግሞ ብራናችንን የዘረዘሩት ጌታቸው ኃይሌ። አንዱ መሣሪያውን ሰጠን፤ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ መቅዳት እንደሚቻል አሳየን፤ ሦስተኛው የተቀዳውን እንዴት መዝግቦ ለትውልድ ማስተላለፍ እንደሚገባ አስተማረን። የቀረው ሥራ የእኛ ነው። በክር ያለ ይረሳል ወይስ ይወረሳል የሚለው ጥያቄ መልስ በክሩ ውስጥ የለም፤ ካርቶኑን በሚያወርደው ሰው እጅ ነው ያለው።

ቸር ይግጠመን!